ካርዱ ከመገዛቱ በፊት

በየክበቡና በየቤተ ሙከራው አንድ አቤቱታ ይሰማል። «ድምፁ ይንጣጣል፤ ይቈራረጣል፤ ጣታችን ከነካው በኋላ ዘግይቶ ይመጣል» ይባላል። ከዚህ ቀጥሎ የሚነገረውም የታወቀ ነው፤ አንዱ ወገን «ካርዱ አርጅቷልና አዲስ ይገዛ» ይላል፤ ሌላው ወገን «ይህ ሊኑክስ የሚባለው ነገር ለድምፅ አይሆንም፤ ወደ ለመድነው እንመለስ» ይላል። ሁለቱም ተከራክረው ሲደክማቸው ኮምፒውተሩ ይዘጋና ሁሉም ወደየመኝታው ይሄዳል፤ በማግሥቱም ድምፁ እንደ ትናንቱ ይንጣጣል። እኔ በበኩሌ ከመግዛታችንም ከመሸሻችንም በፊት እንመርምር እላለሁ። ምክንያቴንም ከዚህ ቀጥዬ አቀርባለሁ።

ነገሩ ትንሽ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር ሦስት ነገሮችን እንዲያስብልኝ እለምናለሁ። አንደኛ፥ የማኅበራችን ገንዘብ ከአባሎች ኪስ በጥቂት በጥቂቱ የተጠራቀመ ነው፤ የድምፅ ካርድ ደግሞ በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ዕቃ ነው። ሁለተኛ፥ ከመካከላችን ለመመረቂያ ጽሑፉ ወደ ገጠር ወርዶ የሽማግሌ ቃል፥ የአዝማሪ ግጥም፥ የእረኛ ዋሽንት ቀድቶ የሚመለስ አለ። በመቅዳት ጊዜ የጠፋ ድምፅ በኋላ በምንም ዘዴ አይመለስም፤ ሽማግሌውም ያንን ቃል ዳግመኛ ለመናገር ዕድሜ ላያገኙ ይችላሉ። ሦስተኛ፥ ክፍቱን ሥርዓት የያዝነው ውስጡን ገልጠን እንድንማርበት ነው፤ በመጀመሪያው ችግር ጥለነው ከሸሸን ትምህርቱን ትተን ዕቃውን ብቻ ይዘን እንቀራለን።

እንግዲህ የነገሩን ሥር እንመልከት። ኮምፒውተር ድምፅን የሚያውቀው በቍጥር ነው። ማይክሮፎኑ የሚያመጣውን ሞገድ ካርዱ ብዙ ጊዜ በሰከንድ 48,000 ጊዜ ይለካዋል፤ በሲዲ ልማድ ደግሞ 44,100 ጊዜ። ሲያሰማም እነዚያኑ ቍጥሮች በዚያው ፍጥነት ወደ ሞገድ ይመልሳቸዋል። ካርዱ የራሱ ሰዓት ስላለው ማንንም አይጠብቅም። ኮምፒውተሩ ግን ባንድ ጊዜ ብዙ ጌታ የሚያገለግል አሽከር ነው፤ ፋይል ይጽፋል፥ ኔትዎርክ ያዳምጣል፥ መስኮት ይስላል፥ በመካከሉም የድምፁን ቍጥር ለካርዱ ያቀርባል። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ማቆያ ያስፈልጋል። ባፈር የሚባለው ይኸው ማቆያ ነው።

ይህንንም በምሳሌ ለማስረዳት በየግቢያችን ከፍ ብሎ የተሰቀለውን ሮቶ እናስብ። ውሃው በፈረቃ ይመጣል፤ ቧንቧው ግን ሳይቋረጥ እንዲወርድ እንፈልጋለን። ሮቶው ትንሽ ሆኖ ፈረቃው ቢዘገይ ቧንቧው አየር እየተፋ ያስነጥሳል። የድምፁ መንጣጣት ይህን የቧንቧ ማስነጠስ የመሰለ ነው። ሮቶው ትልቅ ሲሆን ቧንቧው አያስነጥስም፤ ነገር ግን አሁን የገባው ውሃ የሚቀዳው ከፊቱ ያለው ሁሉ ወርዶ ካለቀ በኋላ ነው። መዘግየት ማለትም ይህ ነው። ስለዚህ መንጣጣትና መዘግየት የአንድ ሚዛን ሁለት ጫፎች ናቸው፤ አንዱን ስንጫን ሌላው ይነሣል። ሁለቱንም በአንድ አዲስ ካርድ አጠፋለሁ የሚል ሰው ሚዛኑን አላየም።

ሒሳቡ ለሁላችንም ቀላል ነው። የማቆያው ናሙና ብዛት ለፍጥነቱ ይካፈላል። 1,024 ናሙና ለ48,000 ሲካፈል 21.3 ሚሊሰከንድ ይሆናል፤ 256 ናሙና 5.3 ሚሊሰከንድ፤ 64 ናሙና 1.3 ሚሊሰከንድ። ጠቅላላው መዘግየት ግን ከዚህ ይበልጣል፤ መግቢያውና መውጫው የየራሳቸው ማቆያ አላቸውና፤ ካርዱም ሞገዱን ወደ ቍጥር፥ ቍጥሩንም ወደ ሞገድ ሲለውጥ ጥቂት ጊዜ ይወስዳል። ማቆያውን 64 ያደረገ ሰው ኮምፒውተሩን በሰከንድ 750 ጊዜ ሳያረፍድ እንዲደርስ አዝዞታል ማለት ነው። አንዲት ጊዜ ቢያረፍድ ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማል። ባለሙያዎቹ ይህን ማርፈድ ኤክስረን ይሉታል፤ በማሰማት ጊዜ ሲሆን ማቆያው ባዶ ሆነ፥ በመቅዳት ጊዜ ሲሆን ሞልቶ ፈሰሰ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ወንድሞቻችን የሚስቱበት ነገር አለ። ትንሹ ቍጥር ሁልጊዜ የሚበልጥ ይመስላቸዋልና ማቆያውን እስከ መጨረሻው ዝቅ ያደርጉና ድምፁ ሲንጣጣ ካርዱን ይረግማሉ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ይህም በአንድ ሚሊሰከንድ 34 ሳንቲሜትር ያህል ነው። ከበሮ መቺው ከዘፋኙ ሦስት ሜትር ርቆ ቢቆም ድምፁ ለዘፋኙ የሚደርሰው ከ9 ሚሊሰከንድ ገደማ በኋላ ነው፤ በዚህ ምክንያት ዘፈኑን ያቋረጠ ባንድ ግን አላየንም። ስለዚህ በቅድሚያ መጠየቅ ያለብን «ሥራችን ምንድን ነው?» ብለን ነው። ለማዳመጥና የተቀዳ ድምፅ ለማረም 1,024 ወይም 2,048 ናሙና ምንም አይጎዳም። የሽማግሌ ቃል ለመቅዳትም እንደዚሁ ነው፤ ተናጋሪው የራሱን ድምፅ በኮምፒውተሩ በኩል አይሰማምና። 256 ወይም 128 የሚያስፈልገው በኪቦርድ ወይም በጊታር ተጫውቶ ከኮምፒውተሩ የሚወጣውን ድምፅ እየሰማ ለሚጫወት ሰው ነው። ዘፋኝም ቢሆን ብዙዎቹ የውጭ ካርዶች ድምፁን በኮምፒውተሩ ሳያሳልፉ በቀጥታ ወደ ጆሮ ማዳመጫው የሚመልሱበት ማብሪያ አላቸው፤ ያንን ማብሪያ ቢጫኑ መዘግየቱ ጨርሶ አይታወቅም። ማዳመጫው ብሉቱዝ ከሆነ ግን ስለ መዘግየት መነጋገርም አያስፈልግም፤ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ የሚሆነው በዚያ በኩል ብቻ ነውና በገመድ ማዳመጫ መለወጥ ይቀድማል።

አሁን ወደ ምርመራው እንምጣ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ እንዳይሆንብን በቅደም ተከተል መሄድ ይገባናል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ጠቅታው ያለው በፋይሉ ውስጥ ነው ወይስ በማሰማቱ ጊዜ ነው የሚል ነው። የተቀዳውን ፋይል ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሞ መስማት፥ ቢቻልም በሌላ ኮምፒውተር ማሰማት ነው። ጠቅታው ሁልጊዜ በዚያው ቦታ ላይ ከመጣ የተፈጠረው በመቅዳት ጊዜ ነው፤ ቦታውን እየለዋወጠ ከመጣ ግን ቅጂው ንጹሕ ነው፥ ጥፋቱ በማሰማቱ ላይ ነው። ይህ ምርመራ ምንም ዋጋ አይጠይቅም፤ ሆኖም ሲደረግ ያየሁት ከስንት አንዴ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ማቆያው አርፍዷል ወይ የሚል ነው። ይህንን ኮምፒውተሩ ራሱ ይነግረናል። ፓይፕዋየር ባለበት ኮምፒውተር ፒደብሊው-ቶፕ የሚባለውን ትእዛዝ የሰጠ ሰው ኢአርአር የሚል ዓምድ ያያል፤ የተቈጠረው የማርፈድ ብዛት ነው። ጠቅ ባለ ቍጥር ዓምዱ የሚጨምር ከሆነ ነገሩ የጊዜ ጉዳይ ነው። ድምፁ እየተንጣጣ ዓምዱ ዝም ካለ ግን ማቆያውን ብናሳድገው ብናሳንሰው ከንቱ ድካም ነው፤ ምክንያቱን በሌላ ቦታ መፈለግ ይገባል። ምናልባት የማይክሮፎኑ መጠን ከልክ በላይ ከፍ ተደርጎ የሞገዱ ጫፍ ተቈርጦ ይሆናል። ምናልባትም የኤሌክትሪክ ነገር ነው፤ ላፕቶፑን ከቻርጀሩ ነቅሎ በባትሪው ብቻ ማዳመጥና ጩኸቱ ከጠፋ ገመዱንና ሶኬቱን መመርመር ነው። የመብራታችን 50 ኸርዝ በድምፅ መስመር ውስጥ ሲገባ የሚያሰማውን እምምታ አዲስ የሶፍትዌር ቅንብር አያጠፋውም።

ሦስተኛው ጥያቄ ጠቅታው መቼ መቼ ነው የሚመጣው የሚል ነው። ከጥቂት ጸጥታ በኋላ ድምፅ ሲጀምርና ሲያበቃ ብቻ ከሆነ የካርዱ እንቅልፍ ነው። በብዙ ላፕቶፖች ውስጥ ያለው የኢንቴል ኤችዲ ኦዲዮ ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ሲል ለጥቂት ሰከንድ ሥራ ካጣ ይተኛል፤ ሲነቃም ጠቅ ይላል። ፓወር ሴቭ የሚባለውን የድራይቨሩን ቅንብር ዜሮ ማድረግ ይበቃዋል። ዋይፋዩ ፋይል ሲያወርድ ብቻ የሚንጣጣ ከሆነ ዋይፋዩን ዘግቶ መሞከር ነው። የውጭው ካርድ ከማውስና ከፍላሽ ጋር በአንድ የዩኤስቢ ማከፋፈያ ላይ የተሰካ ከሆነ ነቅሎ ለብቻው በኮምፒውተሩ ላይ መሰካት ነው። ፕሮሰሰሩ ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ፍጥነቱን ዝቅ ከፍ የሚያደርግ ከሆነም በቀረጻው ጊዜ በሙሉ ፍጥነቱ እንዲቆይ ማዘዝ ነው።

ጠቅታው በየተወሰነ ጊዜ እንደ ደወል እየጠበቀ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ የሁለት ሰዓቶች ጠብ መሆኑን መጠርጠር ይገባል። በዩኤስቢ ማይክሮፎን እየቀዱ በላፕቶፑ ካርድ የሚያዳምጡ ሰዎች ሁለት የተለያዩ ክሪስታሎች ይዘዋል፤ ሁለቱም 48,000 እንላለን ቢሉም ትክክል እኩል አይደሉም። ልዩነታቸው ከሚሊዮን 50 ብቻ ቢሆን በየሰከንዱ 2.4 ናሙና ይተራረፋሉ፤ 256 ናሙና ያለው ማቆያ በ107 ሰከንድ ያህል ይሞላል ወይም ይደርቃል ማለት ነው። ፓይፕዋየር ይህን እየተከታተለ ናሙናውን በማስማማት ያስተካክለዋል፤ ጃክ ግን በአንድ ካርድ ሰዓት የሚሄድ ስለ ሆነ ሁለተኛውን ካርድ በልዩ አስማሚ ማገናኘት ይፈልጋል። ከሁሉ የሚሻለው መግቢያውንም መውጫውንም በአንድ ካርድ ላይ ማድረግ ነው።

አራተኛው ጥያቄ የማዕርግ ጥያቄ ነው። የድምፁ ፕሮግራም እንደ ማንኛውም ፕሮግራም ተራ ይዞ የሚቆም ከሆነ ኮምፒውተሩ ሥራ ሲበዛበት ማርፈዱ አይቀርም። በሊኑክስ ለአንድ ፕሮግራም ከሌሎች የሚቀድም የሪልታይም ማዕርግ መስጠት ይቻላል። በዛሬዎቹ ስርጭቶች አርቲኪት የሚባል አገልግሎት ይህን ብዙ ጊዜ በራሱ ያከናውናል፤ ባላከናወነበት ቦታ ተጠቃሚው ማዕርጉ በተፈቀደለት ቡድን ውስጥ መኖሩን ማየት ነው፤ ይህም ቡድን ብዙውን ጊዜ ኦዲዮ ይባላል። ከርነል የሚባለውም አስኳል ቢሆን ተሻሽሏል። ኢንጎ ሞልናር፥ ቶማስ ግላይክስነርና ባልደረቦቻቸው ሃያ ዓመት ያህል ከአስኳሉ ውጭ ይዘውት የቆዩት ፕሪኤምፕት-አርቲ የተባለው ሥራ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ2024 ከወጣው 6.12 ጀምሮ ከዋናው አስኳል ጋር ተዋሕዷል። ለአብዛኛው ሥራችን ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ የተለመደው አስኳል በ256 ናሙና ደኅና አድርጎ ይሠራል።

የምህንድስና ተማሪዎች መዘግየቱን በጆሮ ከመገመት ይልቅ ሊለኩት ይችላሉ። የካርዱን መውጫ በአንድ አጭር ገመድ ከመግቢያው ጋር አገናኝቶ ጃክ-አይኦዲሌይ የሚባለውን ፕሮግራም ማስነሣት ነው፤ ድምፁ ወጥቶ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ በቍጥር ያቀርባል። ከዚያ በኋላ ክርክሩ በቍጥር ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ከዩኒቨርስቲ ሰው የሚጠበቅ ነው።

አሁን ደግሞ የተቃዋሚዎችን ቃል ልስማ። «ሊኑክስ ለድምፅ አይሆንም» የሚሉት ሰዎች ያለ ምክንያት አይናገሩም። ዘመኖቹን በአውሮጳውያን አቈጣጠር ልጥቀስ። ድምፅን መጀመሪያ ያስተናግድ የነበረው ኦኤስኤስ ነበር። ያሮስላቭ ኪሴላ የጀመረው አልሳ በ2003 መጨረሻ ከወጣው 2.6 አስኳል ጋር ቦታውን ያዘ። ከላዩ ላይ ለሙዚቀኞች ፖል ዴቪስ የሠራው ጃክ፥ ለዕለት ሥራ ደግሞ ሌናርት ፖተሪንግ የሠራው ፐልስኦዲዮ መጡ። ፐልስኦዲዮ በ2007 በፌዶራ 8፥ በ2008 በኡቡንቱ 8.04 ሲገባ ድራይቨሮቹ ለአሠራሩ ገና አልተዘጋጁም ነበርና ብዙ ሰው ተማርሮበታል። ጃክና ፐልስኦዲዮም በአንድ ካርድ ላይ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ያስወጣ ነበር። ይህን ያየ ሰው ቢያማርር አይፈረድበትም። ነገር ግን ዊም ታይማንስ የጀመረውና በ2017 ይፋ የሆነው ፓይፕዋየር የሁለቱን ሥራ ባንድነት ይዞ ተነሥቷል፤ በ2021 በፌዶራ 34፥ በ2022 በኡቡንቱ 22.10 የድምፁን ኀላፊነት ተረክቧል፤ በኅዳር 2023ም 1.0 ደርሷል። ስለዚህ የትናንቱን ወቀሳ ሳይመረምሩ ለዛሬው ማውረስ ፍርድ አይደለም።

በገንዘብ የሚሸጠውስ ሥርዓት ከዚህ ነፃ ነውን? አይደለም። የጀርመኑ ስታይንበርግ ኩባንያ በ1997 አሲዮ የተባለውን መንገድ ያወጣው በዊንዶውስ የተለመደው የድምፅ መስመር ለሙዚቀኛ እጅግ ዘገምተኛ ስለ ነበረ ነው። ማቆያና ሰዓት በየትም አገርና በየትም ሥርዓት አሉ። ልዩነቱ በክፍቱ ሥርዓት ጓዳው ድረስ ገብተን ማየት መቻላችን ነው።

እውነቱን ለመናገር ክፍቱ ሥርዓትም ጕድለት አለበት። አንዳንድ የካርድ ሠሪዎች የመቆጣጠሪያ ፕሮግራማቸውን ለሊኑክስ አያወጡም፤ በዚህም ምክንያት የካርዱ አንዳንድ ማብሪያ ሳይነካ ይቀራል። ደግሞም በእርግጥ የሞተ ካርድ አለ፤ የላላ መሰኪያም አለ። እኔ ካርድ ከቶ አይገዛ አላልኩም። ምርመራው ሁሉ ተደርጎ ጥፋቱ በካርዱ ላይ ከተገኘ ይገዛ፤ ሲገዛም ለዩኤስቢ ድምፅ የወጣውን የጋራ ደንብ የሚከተል ይሁን፤ እንዲህ ያለው ካርድ ልዩ ድራይቨር ሳይፈልግ እንደ ተሰካ ይሠራልና።

እንግዲህ ነቀፌታ ብቻ አቅርቤ እንዳልቀር አራት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፥ አዲስ የድምፅ ካርድ ይገዛልን የሚል ክበብ ከጥያቄው ጋር የምርመራውን ውጤት በአንድ ገጽ ጽፎ ያቅርብ፤ ጠቅታው በፋይሉ ውስጥ ነው ወይ? የማርፈዱ ቍጥር ስንት ነው? ማቆያው ስንት ነበር? በባትሪ ሲሠራ ምን ሆነ? እነዚህን ያልመለሰ ጥያቄ ለማኅበሩ ጉባኤ አይቅረብ። ሁለተኛ፥ በእያንዳንዱ የጋራ ኮምፒውተር አጠገብ አንድ ደብተር ይቀመጥና ችግሩና መፍትሔው በአማርኛ ይጻፍበት። ዛሬ አንዱ ሌሊቱን ሙሉ ደክሞ ያገኘው መላ እሱ ሲመረቅ አብሮት ይሄዳል፤ የሚቀጥለውም ተማሪ ያንኑ ድካም ከሀ ይጀምራል። ሦስተኛ፥ ወደ ገጠር ለቀረጻ የሚወርድ ተማሪ ሳይነሣ በፊት በራሱ ክፍል የአንድ ሰዓት ቀረጻ በ2,048 ናሙና ያድርግ፤ ዋይፋዩን ይዝጋ፤ የማርፈዱ ቍጥር ዜሮ መሆኑን አይቶ ይነሣ። በቦታውም ደርሶ በስልኩ ጭምር መጠባበቂያ ይቅዳ። አራተኛ፥ መምህሮቻችን ስለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሲያስተምሩ ተራ አሰጣጥን፥ ማቋረጥንና ማቆያን በሰሌዳ ላይ ብቻ ከሚያሳዩን ይህን ጠቅታ ይዘው ወደ ቤተ ሙከራ ቢያስገቡን መልካም ነው። በጆሮ የሚሰማ ስሕተት ከፈተና ጥያቄ ይልቅ ይታወሳል።

የአንድ ክበብ ድምፅ መንጣጣት አገር የሚያናጋ ነገር አይደለም። ነገር ግን ያልመረመርነውን ለመግዛት፥ ያልገባንን ለመሸሽ ከተማሪ ቤት ከለመድን ነገ በሥራ ላይ ስንሰማራ ከካርድ በሚበልጥ ነገር ላይ ይህንኑ እናደርጋለን። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው ጊዜውን መለካት ፈርተን ካርዱን መደብደብ ይብቃን። ደብተሩንና ገመዱን ይዞ ለመጀመር የጉባኤ ውሳኔም አያስፈልግም፤ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ቤተ ሙከራው ባዶ በሚሆንበት ጊዜ ሁለት ሰዎች ይበቃሉ።